ከፍተኛ ጥራት ያለው ሙዚቃ ሲያወርዱ ሳምፕል ሬቱን እንዴት እንደሚመርጡ

ከፍተኛ ጥራት ያለው ዲጂታል ሙዚቃ የሚሸጡ ድረ ገጾች አንዱን አልበም ብዙ ጊዜ በተለያየ ሳምፕል ሬት ያቀርቡታል፤ ለምሳሌ በ44.1፣ በ96 እና በ192 ኪሎኸርዝ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋው ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል፤ ስለሆነም ገዢው ውዱን ፋይል የተሻለ አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሌላ ነው። መወረድ ያለበት ሙዚቃው በተቀረጸበትና ማስተር በተደረገበት (ማለትም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻው የድምፅ ዝግጅት በተደረገበት) ሳምፕል ሬት የቀረበው ፋይል ነው፤ ያም ከ96 ኪሎኸርዝ የሚበልጥ ከሆነ 96ቱ ይበቃል።

ሳምፕል ሬት የድምፁ ሞገድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለካ ይናገራል። 44.1 ኪሎኸርዝ ሲባል በሴኮንድ 44,100 ልኬት ማለት ነው። ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባሳተሟቸው ሥራዎች ላይ የቆመው ቲዎረም እንደሚያስረዳው፣ ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በታች የሆነ ማንኛውም ድግግሞሽ (ሞገዱ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ከተለኩት ነጥቦች ተነሥቶ ሳይጎድል መልሶ ሊገነባ ይችላል። በዚህ ስሌት 44.1 እስከ 22.05፣ 96 እስከ 48፣ 192 ደግሞ እስከ 96 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል። የጤናማ ወጣት ጆሮ የመስማት ጣሪያ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጣሪያ እየወረደ ይሄዳል።

እዚህ ላይ በማስታወቂያ ሥዕሎች ምክንያት የተስፋፋ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በሥዕሎቹ ላይ የዝቅተኛው ሳምፕል ሬት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ሆኖ፣ የከፍተኛው ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። በተግባር ግን ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው መሣሪያ፣ በተለምዶ ዳክ የሚባለው፣ ነጥቦቹን በማጣሪያ አሳልፎ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ የለውም። የ10 ኪሎኸርዝ ድምፅ በ44.1 ቢቀረጽም በ192 ቢቀረጽም ከዳኩ የሚወጣው ያው ለስላሳ ሞገድ ነው። ሳምፕል ሬቱ ሲጨምር የሚገኘው ትርፍ ከጆሮ ጣሪያ በላይ ያሉ ድግግሞሾች ናቸው፤ በሚሰማው ክልል ውስጥ የሚጨመር ዝርዝር የለም። ከሳምፕል ሬቱ ጎን የሚጻፈው 16 ወይም 24 ቢት ደግሞ የሚመለከተው በጣም ጎልቶ በሚሰማውና በጣም ደክሞ በሚሰማው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ 16 ቢት 96 ዴሲቤል ገደማ፣ 24 ቢት በስሌት 144 ዴሲቤል ይደርሳል። 24 ቢቱ ከቀረበ መውሰዱ አይጎዳም።

ታዲያ 96 ኪሎኸርዝ ጨርሶ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በ44.1 የሚሠራ ማጣሪያ ከ20 እስከ 22.05 ባለችው ጠባብ ክልል ውስጥ ድምፁን በድንገት መቁረጥ ይኖርበታል፤ በ96 ግን ሰፊ ቦታ ስላለው ቀስ ብሎ ሊቆርጥ ይችላል። ስቱዲዮዎችም በዚህ ሬት መቅረጽን የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ አንዳንድ የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች አዳዲስ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ስለሚፈጥሩ፣ ቦታ ካላገኙ ወደሚሰማው ክልል ተመልሰው ድምፁን ያበላሹታል። የአድማጩ ጥቅም ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት የወጣ ጥናት አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅ በሲዲ ደረጃ (በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ) ካለፈው መለየት እንዳልቻሉ አሳይቷል። በ2016 ከለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የወጣውና 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረው ትንታኔ ደግሞ የትክክለኛ መልሶቹን አማካይ 52.3 በመቶ ላይ አገኘው፤ በግምት ብቻ የሚገኘው 50 በመቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ሥልጠና ያገኙ አድማጮች ውጤት ግን ከዚህ የተሻለ ነበር።

ከመክፈልዎ በፊት አልበሙ የተቀረጸበትን ዘመንና መንገድ ይመርምሩ፤ መረጃው ብዙ ጊዜ በአልበሙ መግለጫ ወይም ከፋይሉ ጋር በሚመጣው ቡክሌት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በቀጥታ በዲጂታል የተቀረጹ በርካታ ሥራዎች የተያዙት በ44.1፣ በ48 ወይም በ50 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት ነው። እነዚህን በ192 መግዛት ባዶ ቦታ መግዛት ነው፤ ያልተቀረጸ ድምፅ በኋላ ከየትም አይመጣም። በአናሎግ ቴፕ የተቀረጹት ጉዳያቸው ለየት ይላል። ቴፑ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይም ድምፅ ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም እዚያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው የቴፑ የራሱ ሽሽታ ስለሆነ፣ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ከበቂ በላይ ነው። በዘመናችን የሚወጡ ብዙ የፖፕ አልበሞች ማስተር የሚደረጉት በ44.1 ወይም በ48 ነውና በዚያው ይውሰዷቸው። 88.2 ወይም 176.4 የሚል ቁጥር ካዩ አይደናገጡ፤ የ44.1 ብዜቶች ናቸው። 88.2 ብዙውን ጊዜ ዲኤስዲ በተባለው ሌላ የዲጂታል አቀራረጽ ዘዴ ከተቀረጸ ሥራ ሲቀየር ይታያል፤ የዲኤስዲ 2.8224 ሜጋኸርዝ ለ32 ሲካፈል 88.2 ኪሎኸርዝ ይሰጣልና።

ቀጥሎ የሚታየው የእርስዎ መሣሪያ ነው። ሙዚቃውን በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙ ከሆነ ፋይሉ በመንገድ ላይ ይጨመቃል፤ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ያለው ስቴሪዮ ፋይል ሳይጨመቅ በሴኮንድ 9,216 ኪሎቢት ሲጠይቅ፣ በብሉቱዝ ከሚሠሩት ምርጥ የመጭመቂያ ዘዴዎች አንዱ የሆነው ኤልዳክ እንኳ ከ990 አያልፍም። በዩኤስቢ የተገናኘ የቆየ ዳክ ብዙ ጊዜ 96 ላይ ይቆማል። ኮምፒዩተሩም የራሱ ጣልቃ ገብነት አለው፤ ዊንዶውስ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ወደ ተመረጠው ሬት ሁሉንም ይለውጣል፤ ማክ ላይ ደግሞ ሬቱ የሚስተካከለው ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በተባለው ፕሮግራም ነው። ሳያዩት ከቀሩ ውዱን ፋይል ገዝተው በ48 ሲሰሙት ሊኖሩ ይችላሉ።

መጠኑን በተመለከተ፣ የ50 ደቂቃ አልበም ሳይጨመቅ በሲዲ ደረጃ 529 ሜጋባይት፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ 1.7 ጊጋባይት፣ በ192 ደግሞ 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ምንም ሳያጎድል ይቀንሰዋልና ምንጊዜም እሱን ይምረጡ።

192 ኪሎኸርዝ ከሚይዘው ቦታ በላይ ሌላ እንከንም ሊያመጣ ይችላል። አንዳንድ ማጉያዎችና ስፒከሮች ከጆሮ በላይ የሆነውን ድግግሞሽ በቅጡ ማስተናገድ ስለማይችሉ፣ ያ የማይሰማ ድምፅ በሚሰማው ክልል ውስጥ መዛባት ይፈጥራል። ስለዚህ 96 እና 192 በአንድ ዋጋ ቢቀርቡ እንኳ እኔ 96ን እመርጣለሁ።

ከወረደ በኋላ ፋይሉን ስፔክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱት፤ የድግግሞሾቹን ሥርጭት በሥዕል ያሳያል። 96 ተብሎ በተሸጠ ፋይል ላይ ድምፁ በሙሉ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ከተቆረጠ፣ ከ44.1 ተነሥቶ የተነፋ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚጠፋ ድምፅ ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ብዙ መሣሪያዎች፣ በተለይ የሰው ድምፅ፣ ከዚያ በላይ ብዙ የሚሰጡት ነገር የላቸውም።

አንድ ነገር ግን ከሳምፕል ሬቱ ይበልጥ ሊታይ ይገባዋል፤ እሱም ማስተሪንጉ ነው። አንዱ አልበም በተለያዩ ዓመታት ማስተር ሲደረግ፣ አዲሱ እትም ድምፁ እንዲጎላ ተብሎ ሊጨፈለቅ ይችላል፤ ያኔ በ192 የቀረበው አዲስ እትም በ44.1 ካለው የቀድሞ እትም ያነሰ ሕይወት ይኖረዋል። ሁለት ፋይሎች ልዩነት ሲያሰሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይኸው ነው።

የሳምፕል ሬቱን ልዩነት ብቻውን በራስዎ ጆሮ ለመፈተሽ ከፈለጉ፣ አንዱን የ96 ፋይል ሶክስ በተባለው ፕሮግራም ወደ 44.1 ዝቅ ያድርጉት፤ ቀጥሎም መልሰው ወደ 96 ከፍ ያድርጉት፤ ይህም ዳኩ ሬት ሲቀይር የሚያሰማው ቅጭታ መልሱን እንዳይጠቁምዎ ነው። ከዚያም የመጀመሪያውንና የተቀየረውን ፋይል ፉባር2000 በተባለው ማጫወቻ ኤቢኤክስ መሞከሪያ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያዩ ያወዳድሩ። ከ16 ሙከራ 12 ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ቢመልሱ፣ በግምት ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት የማግኘት ዕድል ከ4 በመቶ ያነሰ ነው፤ እርስዎ በዚያ መሣሪያና በዚያ ሙዚቃ ልዩነቱን ይሰማሉ ማለት ነው፣ 96ንም ይግዙ። ከዚያ በታች ከሆነ ርካሹን ፋይል ይውሰዱ።