ካፖርት በቤት ስትሰፉ የሚያስቸግሩ ነገሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሸሚዝና ቀሚስ መስፋት የለመደ እጅ ካፖርት ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ማሽኑ ያው ነው፣ ሰፊውም ያው ነው። የተለወጠው የጨርቁ ውፍረት ነው። ስስ ጨርቅ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ስህተት ወፍራም ሱፍ ላይ አፍጥጦ ይወጣል። ደግሞ ችግሩ የሚታይበትና የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ኮሌታው የሚጣመመው ገና ጨርቁ ሲቆረጥ ነው፣ ገበሩ የሚተረተረውም እንደዚያው። ስለዚህ ስፌት መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት መንስኤውን ፈልጉ። ሱፍ በተፈታ ቁጥር ይላላል፣ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፣ እንደ መጀመሪያውም አይቆምም።

ማሽኑ ስፌት ይዘላል፣ አንዳንዴም መርፌ ይሰብራል

መጀመሪያ መርፌውን ጠርጥሩ። ቀጭን መርፌ ወፍራም ሱፍ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይታጠፋል። ያኔ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን ሳያገኘው ያልፋል፣ ስፌቱም ይዘላል። ለመካከለኛ ሱፍ 90/14፣ ለካፖርት ጨርቅ 100/16፣ ብዙ ድርብ ለሚደራረብበት ቦታ 110/18 ቁጥር መርፌ ይሆናል። የደነዘ መርፌም ያው ጣጣ አለው፤ አዲስ ካፖርት ሲጀመር አዲስ መርፌ ማስገባቱ ይሻላል። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች የመርፌው አናት ጠፍጣፋ ጎን ወደ ኋላ ይዞራል። መርፌው እስከ ላይ ካልገባም ይዘላል። የስፌቱን ርዝመት ደግሞ ወደ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር አሳድጉት። አጭር ስፌት ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል፣ ጨርቁንም ይሸበሽባል።

ክሩ ከስር ተተብትቦ ከወጣ ሁሉም የታችኛውን ክር ይነካካል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። ክር ስታስገቡ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው የማሽኑ እግር የተነሳ መሆን አለበት። እግሩ ወርዶ ከሆነ ክር የሚያጠብቁት ዲስኮች ተገጥመዋል፤ ክሩ በመካከላቸው አይገባም። አውጡትና እንደ አዲስ አስገቡት።

ጉብ ያለ መገጣጠሚያ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ቆሞ አንድ ቦታ ይወጋል

የእግሩን አፍንጫ ተመልከቱ። ወደ ላይ ቀና ብሎ ካያችሁት ምክንያቱን አገኛችሁት። እግሩ ሲያዘነብል ከስር ያሉት ጥርሶች ጨርቁን ቆንጥጠው መጎተት ያቅታቸዋል። ከትርፍራፊው አንድ ቁራጭ አንሱ፣ የጉብታውን ያህል እስኪወፍር እጠፉት፣ ከመርፌው ጀርባ እግሩ ስር ሽጉጡት። እግሩ ደልደል ይላል፣ ጨርቁም መሄድ ይጀምራል። ጉብታውን እስክታልፉ ፔዳሉን ተዉትና መንኮራኩሩን በእጅ አዙሩ። መርፌ በብዛት የሚሰበረው እዚህ ነው።

እኩል የተቆረጡ ሁለት ጨርቆች ተሰፍተው ሲያልቁ አንዱ ይረዝማል

ይሄ የካፖርት ዋነኛ ራስ ምታት ነው። የማሽኑ ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ ወደ ኋላ ይጎትታሉ። የላይኛውን ደግሞ እግሩ ተጭኖ ያስቀረዋል። ጨርቁ በወፈረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ረጅም የጎን ስፌት ላይ ጫፍ ስትደርሱ የላይኛው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ተርፎ ሊታይ ይችላል። ያንን ትርፍ በመቀስ ቆርጦ እኩል ማድረግ ፈታኝ ነው፤ ግን አታድርጉት። ጎኑ ተጣሞ ይቀራል፣ ካፖርቱም ሲለበስ ወደ አንድ ወገን ይዞራል።

የማሽኑን እግር ጫና መቀነስ ይረዳል። የላይኛውንም ጨርቅ አብሮ የሚጎትት ተራማጅ እግር ካላችሁ ግጠሙት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በእጅ የሚሰፋ ጊዜያዊ ስፌት ነው። ጨርቆቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ላላ ያለ ስፌት አያይዙ፣ ከዚያ ማሽን ላይ አውጡ። ስፒል ብቻውን ወፍራም ሱፍ አይዝም፤ ጨርቁን ይቆለምመዋል። በእጅ መስፋት ጊዜ ይፈጃል የሚል ሰው አንድ የጎን ስፌት ፈትቶ መልሶ ለመስፋት ምን ያህል እንደሚፈጅ ያስላ።

አንዱ ጨርቅ ሆን ተብሎ ረዘም ብሎ ከተቆረጠ ያንን ከስር አድርጉት። የጀርባው ትከሻ እንደዚህ ነው፣ ከፊተኛው ትንሽ ይረዝማል። ጥርሶቹ ትርፉን ራሳቸው ይሰበስቡታል።

የካፖርቱ ግራና ቀኝ የተለያየ ቀለም መሰለ

ጨርቁን በእጃችሁ ወደ ታች ዳብሱት፣ ከዚያ ወደ ላይ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው ከሻከረ ጨርቁ የተኛ ጸጉር አለው። ከፋይና ብዙ የካፖርት ሱፎች እንደዚህ ናቸው። አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተቆረጠ ብርሃን በሌላ መንገድ ይመልሳልና የጠቆረ ወይም የነጣ ይመስላል። ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒት የለውም። ትርፍ ጨርቅ ካለ ያንን ክፍል እንደገና ቁረጡ፣ የተገለበጠውን ደግሞ ለማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ለኮሌታ ስር አውሉት። ለወደፊቱ የወረቀት ቅዶቹን ሁሉ አናታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ ደርድሩ። ብዙ ጨርቅ ይፈጃልና ስትገዙ አስቡበት።

ካፖርቱ ከተሰፋ በኋላ አጠረ

ሱፍ እንፋሎት ሲነካው ይሰበሰባል። ጨርቁ ሳይቆረጥ ካልተሰበሰበ በየመተኮሱ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ይሄዳል። አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከጨርቁ ጥግ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ለኩና በክር ምልክት አድርጉ። ካውያውን ሳታስነኩ እንፋሎት ስጡት፣ ይድረቅ፣ እንደገና ለኩት። ከቀነሰ ጨርቁን በሙሉ እንደዚያው አድርጉና በጠፍጣፋ ቦታ አድርቁት። በቤት የሚታጠብ ልብስ ከሆነ ግን ጨርቁም ሳይቆረጥ መታጠብ አለበት፣ ልብሱ በሚታጠብበት መንገድ። ገበሩንም አትርሱ።

የፊተኛው ክፍል በትናንሽ አረፋ ተሞላ

የካፖርቱን ፊትና ኮሌታ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በካውያ የሚጣበቅ የውስጥ ጨርቅ ነው። አረፋው የሚመጣው ይሄ ጨርቅ በየቦታው ሲለቅ ነው። መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሙጫው በቂ ሙቀት አላገኘም፣ ካውያው እንደ ልብስ መተኮስ ወዲያ ወዲህ ተንሸራቷል፣ ወይም ሁለቱ ጨርቆች በእኩል አይሰበሰቡም።

ሲጣበቅ ካውያው አይንሸራተትም። አስቀምጡ፣ ተጫኑ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጠብቁ፣ አንሱ፣ ከጎኑ አስቀምጡ። በመካከል እርጥብ ስስ ጨርቅ ይኑር። ወፍራም ሱፍ ሙቀቱን ስለሚመጥ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ከዚያ የሚረሳው ነገር አለ፦ ሙጫው የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ትኩሱን አንስታችሁ ወንበር ላይ ካንጠለጠላችሁት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በተኛበት ተዉት።

አረፋው አንዴ ከወጣ በእርጥብ ጨርቅ መልሳችሁ ተጫኑት፣ አንዳንዴ ይመለሳል። ካልተመለሰ በእንፋሎት እያሞቃችሁ ላጡትና በአዲስ ተኩት። ዋናው ጨርቅ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ቁራጩን እጠፉት፣ ጨምቁት፣ በማግስቱ ጥግ ጥጉን በጥፍር ለመላጥ ሞክሩ።

ከካውያ በኋላ ጨርቁ አብለጨለጨ

ጸጉሩ ተጨፍልቋል። ካውያውን ከጨርቁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንፋሎት ስጡትና በለስላሳ ብሩሽ ጸጉሩን አንሱት። ፖሊስተር የበዛበት ከሆነና ክሩ ቀልጦ ከሆነ ግን አይመለስም። ከዚህ በኋላ ከውስጥ በኩል ተኩሱ፣ ከውጭ ግድ ሲሆን ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት።

ጠርዞቹ ወፈሩ፣ ካፖርቱ የቤት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል

የፊት ጠርዝና ኮሌታ ላይ የስፌት ትርፎች እኩል ተቆርጠው እርስ በርስ ሲተኙ ከውጭ በኩል ጉብ ያለ መስመር ይታያል። ትርፎቹን እንደ ደረጃ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወደ ውጭ የሚቀርበውን ሰፋ አድርጋችሁ ተዉት፣ የውስጡን አሳጥሩ። ኮሌታው ጫፍ ላይ ማዕዘኑን ወደ ስፌቱ አስጠግታችሁ ቁረጡ፣ ስፌቱን ግን አትንኩ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የእንጨት ነው። ጠርዙን በእንፋሎት በደንብ አሙቁ፣ ካውያውን አንሱና ወዲያው ላዩ የለሰለሰ ደረቅ እንጨት ጫኑበት። እንጨቱ እንፋሎቱን ይመጣል፣ ጨርቁም ተጨፍልቆ ሳለ ይቀዘቅዛል። እንጨቱ ሲነሳ ጠርዙ ቢላ የመሰለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ እንደማየው በቤት የተሰፋን ካፖርት ከባለሙያ ሥራ የሚለየው ከስፌቱ ይልቅ ይሄ አተኳኮስ ነው። እያንዳንዱ ስፌት በሌላ ስፌት ከመቋረጡ በፊት ይተኮስ። ኋላ ካውያው አይደርስበትም።

የኮሌታው ጫፍ ወደ ላይ ከተቀለበሰ መንስኤው ቅዱ ላይ ነው። የላይኛውና የታችኛው ኮሌታ እኩል ተቆርጠዋል። ጨርቅ ሲታጠፍ የላይኛው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። የታችኛውን ከውጭ ጠርዞቹ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀንሱለት፣ ጨርቁ በጣም ከወፈረ ከዚያም በላይ።

እጅጌው አናት ላይ ተሸበሸበ

የእጅጌው አናት ከብብቱ ክብ ይረዝማል። መርዘምም አለበት፣ ትከሻ ክብ ነው። ሽብሽቡ የሚመጣው ትርፉ ሳይሰበሰብ በግድ ሲሰፋ ነው። አናቱ ላይ በስፌት ትርፉ ውስጥ ሁለት መስመር ረጃጅም ስፌት ስፉ፣ ክሮቹን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። እጅጌው ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ይይዛል። ይህንን ጠበቅ ተደርጎ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን ብቻ በእንፋሎት አሰብስቡ። ሱፍ ከሆነ ሽብሽቡ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ከዚያ በእጅ አያይዙ፣ ለብሳችሁ እዩት፣ ሲስማማ ብቻ በማሽን ስፉ።

ፖሊስተር ግን በእንፋሎት አይሰበሰብም፤ ብትታገሉትም ውጤት የለውም። ቅዱ ላይ የእጅጌውን አናት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ትርፉን ቀንሱ።

ክንድ ሲነሳ ካፖርቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል

ብዙ ሰው ካፖርቱ ጠቦ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብብቱ ወደ ታች ወርዶ ነው። ብብት በወረደ ቁጥር ክንድ ይታሰራል። ለማስፋት ብሎ ብብቱን የበለጠ መቁረጥ ችግሩን ያባብሰዋል። ከተሰፋ በኋላ ያለው መፍትሄ ብብቱ ስር ቁራጭ ጨርቅ መጨመር ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ በስስ ርካሽ ጨርቅ መለኪያ ሰፍታችሁ፣ በክረምት ከስር የምትለብሱትን ሹራብ ለብሳችሁ ሞክሩት። ካፖርት የሚለካው በሹራብ ላይ ነው። ደረት ላይ ከሰውነት መጠን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል።

ገበሩ ይተረተራል ወይም ከታች ብቅ ይላል

ሱፍ ትንሽ ይለጠጣል፣ ገበር አይለጠጥም። ጀርባው ላይ ገበሩ መሃል ለመሃል እጥፋት ከሌለው ክንድ ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር ስፌቱ ይጎተታል። ገበሩን ስትቆርጡ ጀርባውን በአራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር አስፉና እጥፋት አድርጉት። ከታች ደግሞ ገበሩ ከካፖርቱ ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልቃል፣ ግን ትንሽ ላላ ብሎ ይሰፋል። ተወጥሮ ከተሰፋ የካፖርቱን ጠርዝ ወደ ላይ ይስበዋል።

የታችኛው ጠርዝ ወጣ ገባ ከሆነ ጨርቁ ሰያፍ በተቆረጠበት በኩል ተለጥጧል። ካፖርቱን ሳይታጠፍ ለአንድ ሙሉ ቀን ስቀሉት። ከዚያ ለብሳችሁ ሌላ ሰው ከመሬት እየለካ ምልክት ያድርግላችሁ።

ሁሉም አምሮ ተሰፋ፣ ግን አያሞቅም

ሙቀት የሚይዘው በጨርቁ ውስጥና በመሃሉ የታገተው አየር ነው። ሰፋ ሰፋ ተደርጎ የተሸመነ ሱፍ፣ ወፍራም ቢሆን እንኳ፣ ነፋስ ያሳልፋል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን ካሳለፈ ነፋስም ያሳልፋል። ገበሩን ሳትሰፉ በሱፉና በገበሩ መካከል ጸጉር ያለው የጥጥ ጨርቅ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ስስ ጨርቅ ጨምሩ። እጅጌው ውስጥ ግን ስሱን አድርጉ፣ አለዚያ ክንድ አይታጠፍም። ለዚህም ቦታ በቅዱ ላይ ቀድማችሁ ተዉ።

ሙሌት ያለው ጃኬት ከሆነ ጥበቱን መርምሩ። የተጨፈለቀ ሙሌት አየር ስለማይዝ አያሞቅም። ሙሌቱን የሚይዙት የስፌት መስመሮችም የቅዝቃዜ መንገድ ናቸው፣ አታብዟቸው። የወፍ ላባ እየወጣ ከሆነ መርፌው ወፍሮ ወይም ጨርቁ ሳስቶ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ያለው ጨርቅና 70/10 ቁጥር ስስ መርፌ ነው የሚያስፈልገው።

ቀሪው ቅዝቃዜ በአንገት፣ በእጅጌ ጫፍና በፊት መክፈቻ ነው የሚገባው። እጅጌው ውስጥ ጠበቅ ያለ የሹራብ ጠርዝ ስፉበት። ዚፕ ካለው ከጀርባው ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መከለያ አድርጉለት። ዚፑ ማዕበል ከሠራ ጨርቁ ሲሰፋ ተለጥጧል፤ ፍቱት፣ ጠርዙን በሚጣበቅ ጨርቅ አጠንክሩ፣ ዚፑን በእጅ አያይዙና እንደገና ስፉ።

ቁልፉ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል

ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ስለተሰፋ ነው። ቁልፉ የካፖርቱን ውፍረት የሚያህል የክር እግር ይፈልጋል። በቁልፉና በጨርቁ መካከል ክብሪት እንጨት አስገብታችሁ ስፉ፣ ከጀርባም ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ አብራችሁ ያዙ። ክብሪቱን አውጡ፣ ክሩን እግሩ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙ፣ ወደ ውስጥ አሳልፋችሁ ቋጥሩ።