ሞኒተሩ ነው ወይስ ገመዱ? በቁጠባ ለፊልምና ለጌም የተገዛ ስክሪን ሲያስቸግር

የእህቴ ልጅ ወራት ያጠራቀማትን ይዞ መገናኛ ካሉት ሱቆች ከአንዱ ባለ 24 ኢንች፣ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ) ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ ሞኒተር ገዛ። ማታውኑ ደወለ፦ «ጋሼ፣ ተበላሁ። ቀለሙ አመድ ነው፤ ጌሙም ከድሮው አይሻልም።» ሊመልሰው ቆርጦ ነበር። ሄጄ ሳየው ሞኒተሩ ምንም አልሆነም። የተሳሳተው ሁለት ሴቲንግና አንድ ገመድ ነው። በእንዲህ ያለ ነገር ስንቱ ደህና ዕቃ በርካሽ እንደተሸጠ ሳስብ ያንገበግበኛል። የትኛው ችግር በነፃ እንደሚስተካከል፣ የትኛው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ካልተያዘ መድኃኒት እንደሌለው ከምልክቱ ተነስተን እንየው።

ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ቀለሙ ፈዘዘ

የጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ስስ አቧራ የተነሰነሰ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሞኒተሩ አይደለም። ለቴሌቪዥንም በሚያገለግለው የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኝ ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን አድርጎ ይወስደዋል። ቴሌቪዥን ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ብሎ ይቆጥራል፤ ሞኒተር የሚጠብቀው ግን ከ0 እስከ 255 ነው። ስለዚህ 16 ሲላክለት ጥቁር መሆኑን አያውቅም፤ ግራጫ አድርጎ ያወጣዋል።

ግራፊክስ ካርዳችሁ (ምስሉን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል) ኤንቪዲያ ከሆነ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ክፈቱ፤ «ቼንጅ ሪዞሉሽን» ውስጥ ወደ ታች ወርዳችሁ «ዩዝ ኤንቪዲያ ከለር ሴቲንግስ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ»ን ከ«ሊሚትድ» ወደ «ፉል» ቀይሩ። ኤኤምዲ ላይ «ፒክስል ፎርማት» በሚለው ሥር ፉል አርጂቢ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ «አርጂቢ ሬንጅ» ይባላል። የእህቴ ልጅ «አፕላይ»ን ሲጫን ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ጥቁሩም ጥቁር ሆነ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ይህም ሆኖ ካልጠራ፣ ዊንዶውስ ላይ ኤችዲአር (ደማቁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) በርቶ እንደሆነ እዩ። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር» ተጽፎ ብርሃኑ 250 ወይም 300 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ብቻ የሆነ ሞኒተር ምልክቱን ይቀበላል እንጂ አያሳየውም። ቬሳ የተባለው ድርጅት ያወጣው የኤችዲአር ደረጃ እንኳ ዝቅተኛው 400 ኒት ላይ ነው የሚጀምረው። ኤችዲአሩን አጥፉት። ለዚያ ጽሑፍ ተብሎም ገንዘብ አትጨምሩ።

ሁለቱም ካልሆኑ ግን ፓነሉ ራሱ ነው። አይፒኤስ የሚባለው የፓነል ዓይነት ቀለሙ ያምራል፣ ከጎንም ሲያዩት አይለወጥም፤ የጥቁሩና የነጩ ልዩነት ግን 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ቪኤ የሚባለው ሌላው ዓይነት ወደ 3000 ለ1 ይደርሳል። ቀን ቀን ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስትከፍቱ ነው። ብዙ ፊልሞች በ2.39 ለ1 ስፋት ስለሚሠሩ በ16 ለ9 ስክሪን ላይ ሩብ ያህሉ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይቀራል (ይህ ብልሽት አይደለም፣ አትጨነቁ)። አይፒኤስ ላይ ያ ጥቁር መስመር ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል፤ ቪኤ ላይ ከክፍሉ ጨለማ ጋር ይዋሃዳል። አይፒኤስ ከያዛችሁ ብርሃኑን ቀንሱና ከሞኒተሩ ጀርባ ትንሽ መብራት አስቀምጡ፤ ዓይን ይታለላል። ገና ካልገዛችሁና ከጌም ይልቅ ፊልም የምታበዙ ከሆነ ግን እኔ ቪኤ ግዙ እላለሁ።

144 ተብሎ የተገዛው እንደ 60 ይሄዳል

ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱ 60 ላይ ይተወዋል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡና ቁጥሩን ቀይሩ። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ገመዱን እዩ፤ ብዙ የቆዩ ሞኒተሮች በኤችዲኤምአይ ከ60 ወይም ከ120 አያልፉም፣ ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው ሌላው የምስል መሰኪያ ግን ሙሉውን ይሰጣሉ። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ችግር ይኸው ነበር። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱንም አረጋግጡ።

ለፊልምም ይጠቅማል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ 60 ለ24 እኩል ስለማይካፈል ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። 120 እና 144 ግን እኩል ይካፈላሉ።

ገመዱ ተሰክቷል፣ ምስል የለም

ሰፈራችን ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ከቢሮ የወጡ ስላሽ ሞኒተሮች ገዝቶ ሦስት ገመድ ቢቀያይር አንዱም አልሠራ አለው። ሞኒተሮቹ ያላቸው ዲስፕሌይ ፖርትና የድሮው ቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ምስል የሚያወጣው በኤችዲኤምአይ ብቻ። ተራው ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ከኮምፒውተር ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ስክሪን። ገልብጣችሁ ብትሰኩት አይሠራም። ለዚያ የራሱ ኃይል የሚያገኝ መቀየሪያ ያስፈልጋል፣ እሱም ርካሽ አይደለም። እንደ ፕሌይስቴሽን ላለ ኮንሶል ከሆነ ከመጀመሪያው ኤችዲኤምአይ ያለው ሞኒተር ግዙ። ቪጂኤ ደግሞ ድምፅ እንደማያስተላልፍ አትርሱ።

በጌም ላይ ጥላ ይከተላል፣ ወይም ምስሉ መሐል ላይ ይሰነጠቃል

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨለማ ቦታ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቁር ጅራት ካበጀ የቪኤ ጠባይ ነው። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ «ኦቨርድራይቭ» ወይም «ሪስፖንስ ታይም» የሚለውን መካከለኛ ላይ አድርጉት። መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ጅራቱ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። ምስሉ ከተሰነጠቀ ግን ካርዱና ሞኒተሩ ስላልተናበቡ ነው፤ «ፍሪሲንክ»ን ሞኒተሩም ላይ ካርዱም ላይ አብሩ። ከጂቲኤክስ 10 ጀምሮ ያሉ የኤንቪዲያ ካርዶችም በዲስፕሌይ ፖርት ይቀበሉታል።

ፊደሉ ይደበዝዛል

ሪዞሉሽኑ (የምስሉ ነጥቦች ማለትም የፒክስሎች ብዛት) የሞኒተሩ የራሱ መሆኑን እዩ። ከሆነና ስክሪኑ 27 ኢንች፣ 1920 በ1080 ከሆነ፣ በአንድ ኢንች 82 ፒክስል ብቻ ነው ያለው። ከመራቅ በቀር መፍትሄ የለውም። 24 ኢንች ላይ 92 ይሆናል፤ ባጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው 24ቱን የምመርጥለት ለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ ካልታየ የማይድን

የሞተ ፒክስል፣ ከጥግ የሚፈስ ብርሃን፣ ቢጫ የሆነ ስክሪን በሴቲንግ አይድኑም። ላፕቶፕና የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉ ምስል በስልካችሁ አዘጋጁና ወደ ላፕቶፑ አዙሩ፤ እያንዳንዱን ስክሪኑን ሞልታችሁ ክፈቱ። በጥቁሩ ጊዜ ጃኬት ከላይ ዘርግታችሁ ጥጎቹን እዩ። ዝቅ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ቲኤን የሚባል ሌላ ዓይነት ፓነል ነው፣ ለፊልም አይሆንም። ጀርባውን አዙራችሁ ወይም አዳፕተሩን አንስታችሁ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን አንብቡ፤ 110 ብቻ የሚል ከሆነ ቤት ወስዳችሁ 220 ላይ እንዳትሰኩት። ሁሉንም ቢያንስ አሥር ደቂቃ በርቶ እያለ እዩት፤ ሲሞቅ ብቻ የሚርገበገብ ሞኒተር አጋጥሞኛል። ሻጩ ሰክቶ ለማሳየት ካንገራገረ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።