«አያስቸግርም» የሚባለው ልጅ፦ የታይሮይድ ችግርን ቤት ውስጥ መጠርጠር

የሕፃናት ክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። እናት «ተመስገን፣ ይሄኛውስ አያስቸግርም፤ ካልቀሰቀስኩት አይጠባም» ስትለኝ እኔ ልብሱን አስወልቃለሁ፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሆርሞኑን አሳንሶ የሚያመነጭ እንደሆነ ለመጠርጠር ነው። የዓይኑ ብጫነት ሁለት ሳምንት አልፎትም አልለቀቀም? እምብርቱ ወጣ ብሏል? ምላሱ ትልቅ ነው? ለቅሶው ጎርነን ይላል? ሆዱ ይደርቃል? ሲያቅፉት ዝልፍልፍ ይላል? አንዱ ብቻውን ብዙም አያስደነግጥም። ተደራርበው ከመጡ ግን የቲኤስኤችና የፍሪ ቲ-ፎር (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳዩ ሆርሞኖች) የደም ምርመራ ዛሬውኑ ነው፤ ለሚቀጥለው ክትባት አይቀጠርም። ሆርሞኑ አእምሮ የሚገነባው በዚህ ዕድሜ ነውና፣ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። ሆርሞኑ ከሚያንሳቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ደግሞ ሲወለዱ ምንም አያሳዩም። አሜሪካ ወይም እስራኤል የምትወልዱ፣ ከተረከዙ ደም ሲወሰድ «ምን አደረጋችሁት» አትበሉ፤ አንዱ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ከፍ ላለው ልጅ ከሚዛን ይልቅ ሜትር አምናለሁ። በየስድስት ወሩ ጫማውን አስወልቁት፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነኩ፣ በእርሳስ አስምራችሁ ቀኑን ጻፉ። ከአራት ዓመቱ በኋላ በዓመት 4 ሳንቲሜትር እንኳ ካላደገ አሳዩት። የአምናው ሱሪ ርዝመቱ ዘንድሮም ልክ ሆኖ ወገቡ ብቻ ከጠበበ እኔ ቶሎ እጠረጥራለሁ፤ በዚያ ላይ ሰው ሳይበርደው እሱ ጋቢ የሚፈልግ ከሆነማ!

ሆርሞኑ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፦ እየበላ ይከሳል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይፈጣል። አስተማሪው «ቅብጥብጥ ሆነ» ይላል። ደብተሩን አገላብጡ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሕፈቱ ይበላሻል።

አንገቱን ለማየት ቀና አድርጋችሁ ውሃ አስውጡት። ከማንቁርቱ በታች ከመዋጡ ጋር ወደ ላይ የሚሄድ እብጠት እንቅርት ሊሆን ይችላል። እኛ በእጅ ስንዳስስ የምናመዛዝነው ከራሱ ከልጁ አውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ጋር ነው፤ በአንድ በኩል ያለው እጢ ከዚያ ከበለጠ አብጧል እንላለን። በብረት ማስተኮስ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ከድናችሁ ከእሳት አርቁት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

ሊቮታይሮክሲን (ያነሰውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት) የታዘዘለት ሕፃን ክኒኑ ተፈጭቶ በጥቂት የጡት ወተት በማንኪያ ይሰጠዋል። ጡጦ ውስጥ አትጨምሩት፤ ካልጨረሰው ስንት እንደዋጠ አታውቁም። የብረት ሽሮፕም ካለው በአራት ሰዓት አራርቁ።