ትኬቱን ከሆቴል ሳትወጡ ዋሌት ውስጥ ክተቱት

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድናችሁን ተከትላችሁ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ስትሄዱ፣ ትኬታችሁን በሩ ላይ ለመክፈት አትሞክሩ። አን አርበር ከተማ ያለው ሚሺጋን ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲነካካ ኔትወርኩ ይጨናነቅና አፑ እየዞረ ይቀራል፤ ከኋላችሁ ደግሞ የባለሜዳው ደጋፊ ተሰልፎ ይተርባችኋል።

ዋይፋይ ባለበት ሆቴል እያላችሁ የትኬት አፑን ክፈቱና ትኬቱን ወደ አፕል ዋሌት ወይም ጉግል ዋሌት (ስልክ ላይ ትኬትና ካርድ ማስቀመጫ አፕ) ጨምሩት። ስልኩ ላይ ስለሚቀመጥ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ስክሪንሾት ግን አትመኑ፤ የብዙዎቹ ትኬቶች ባርኮድ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚቀያየር ፎቶው በሩ ላይ ዋጋ የለውም።

አብሯችሁ ለሚገባ ሰው የገዛችሁት ትኬት ካለ መጀመሪያ በአፑ ላኩለት፣ ከዚያ እሱ በራሱ ዋሌት ይጨምረው። እናንተ ጨምራችሁት ቆይታችሁ ብትልኩት በእናንተ ስልክ ላይ የቀረው ይሰረዛል፤ ልትሸጡት ያሰባችሁትንም እንዲሁ አትጨምሩት።

በሩ አካባቢ ስትደርሱ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ደካማ ሲግናል ሲያሳድድ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ባትሪ ያለቀበት ስልክ ደግሞ ትኬት አያሳይም። ፓወር ባንክ ከያዛችሁ ውስጡ በሚታይ፣ ከ12 በ6 በ12 ኢንች ባልበለጠ የፕላስቲክ ቦርሳ ይሁን። የብዙ ስታዲየሞች ልክ ይኸው ነው፤ ጭራሽ ቦርሳ የማያስገባም ስላለ የባለሜዳውን ደንብ ቀድማችሁ እዩ።