ኮንዊ ግንብ ስትሄዱ የማይሠሩ ስህተቶች (አብዛኞቹን እኔ ሠርቻቸዋለሁ)

እንግሊዝ የምንኖር ሐበሾች የእረፍት ቀን ስናገኝ ልማዳችን ይታወቃል። ወይ ለንደን ዘመድ ጥየቃ፣ ወይ ቤት ቁጭ ብሎ ቡና። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰሜን ዌልስን ያየሁት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው «እስቲ አገር ቤት ስመለስ የማወራው ነገር አሳየኝ» ባሉኝ ጊዜ ነው። ኮንዊ ወሰድኳቸው። በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችለውን ስህተት ሁሉ ሠራሁ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ አሁን ለሌላው ለመንገር ድፍረቱ አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዌልስን «እንግሊዝ» ማለት

ያሳሳተን አማርኛችን ራሱ ነው። ለእኛ ከለንደን እስከ ስኮትላንድ ጫፍ ያለው ሁሉ «እንግሊዝ» ነው። ትኬት ስቆርጥ ለሴትዮዋ «እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር» አልኳት። ሳትቆጣ፣ ግን ቃሏን ረገጥ አድርጋ፣ «ዌልስ ነው» አለችኝ።

ይህን ካላወቃችሁ ግንቡ ራሱ አይገባችሁም። «ግንብ» ሲባል የእኛ ሰው ሐሳቡ ጎንደር ነው የሚሄደው። ፋሲል ግንቡን የሠራው በገዛ አገሩ፣ ለራሱ መቀመጫ ነው። ኮንዊን የሠራው ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ነው፤ የሠራውም ዌልሾችን ረግጦ ለመያዝ ነው። የዌልሱ ልዑል ልዌሊን አፕ ግሪፊድ በታኅሣሥ 1282 ተገደለ። ወንድሙ ዳቪድ በሚቀጥለው ዓመት ተይዞ በሞት ተቀጣ። ኤድዋርድ ጊዜ አላጠፋም፤ በዚያው በ1283 የኮንዊን መሠረት አስጣለ።

ቦታው ባዶ አልነበረም። የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም ነበረበት። የልዌሊን አያት፣ ታላቁ ልዌሊን የሚባለው፣ የተቀበረው እዚያ ነበር። ንጉሡ መነኮሳቱን አስነሥቶ ወደ ሸለቆው ውስጥ፣ ማይናን ወደሚባል ቦታ አዛወራቸው። የገዳማቸው ቤተ ክርስቲያን የአዲሲቱ ከተማ ደብር ሆነ፤ ዛሬም መሀል ከተማው ላይ አለ። በቅጥሩ ውስጥ የሰፈሩት ደግሞ ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

አክስቴ «ገዳም አስነሥቶ?» አሉና አማተቡ። ከዚያ በኋላ ኤድዋርድን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

በነገራችን ላይ «አፕ» ማለት «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። ዌልሾች በጥንቱ ልማዳቸው እንደ እኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ስለዚህ «ግሪፊድ» የልዑሉ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ አባቱ ነው። ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ደቂቃ ይፈጃል። ለአክስቴ አንድ ቃል በቃ።

ባቡሩ ራሱ ይቆማል ብሎ መቀመጥ

ኮንዊ ጣቢያ ትንሽ ናት። ባቡር የሚቆመው ሲጠየቅ ብቻ ነው። መውረድ የሚፈልግ አስቀድሞ ለባቡሩ ሠራተኛ መናገር አለበት፤ መሳፈር የሚፈልግ ደግሞ መድረኩ ላይ ቆሞ ለነጂው እጁን ያወጣል፣ ልክ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው። እኔ ይህን አላወቅኩም። ግንቡ በመስኮቱ በኩል፣ እጅ ቢሰዱ የሚነካ እስኪመስል ቀርቦ፣ ሽው ብሎ አለፈን። ፔንማንማውር የሚባል ቦታ ወርደን የመልሱን ባቡር ጠበቅን። አክስቴ «ያሳየኸኝ ይኸው ነው?» አሉኝ።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ከወንዙ ማዶ ላንዲድኖ ጃንክሽን ላይ እወርዳለሁ። እዚያ ብዙ ባቡር ይቆማል። ከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ወንዙን በድልድይ እየተሻገራችሁ ግንቡን ፊት ለፊት እያያችሁ ትገባላችሁ። ከዚህ የተሻለ አገባብ የለም። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ጀርባን ለውኃው ሰጥቶ መጎብኘት

ይህ ዋናው ስህተት ነው። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ በከተማው በኩል ይገባል፣ ማማ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያና ተራራ ፎቶ ያነሣል፣ ይወጣል። ወንዙን እንደ ጌጥ አይቶት ያልፋል። ኮንዊ ግን ያለ ውኃው ምንም ማለት አይደለም።

ካርታውን አስቡት። የኮንዊ ወንዝ ከኤሪሪ ተራሮች ሥር እየመጣ እዚህ ጋ ከባሕር ይገናኛል። ግንቡ የቆመው በዚያ አፍ ላይ፣ ጠባብ የዐለት ጉብታ ላይ ነው። ከኋላው ያለው ተራራ ሁሉ የዌልሾች ነበር። በየብስ የሚመጣ እህል ሊቆረጥ ይችላል፤ መርከብ ግን ማንም አያግደውም። ዌልሾቹ የባሕር ኃይል አልነበራቸውም። ስለዚህ ግንቡ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ወደ ከተማው የሚያይ በር ነው። ሁለተኛው ከኋላ፣ ወደ ውኃው የሚወርድ ትንሽ በር ነው። ሰው የሚያደንቀው የፊተኛውን ነው። ያዳናቸው ግን የኋለኛው ነው።

ይህ በተግባር የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1294 ማዶግ አፕ ልዌሊን የሚባል ሰው ዌልሾችን አስነሣ። ኤድዋርድ ራሱ ሊቀጣቸው መጥቶ በዚያ ክረምት እዚሁ ኮንዊ ውስጥ ተከበበ። ሠርቶ ከጨረሰው ሰባት ዓመት ገደማ በሆነው ምሽግ ውስጥ! ስንቅ የሚመጣለት በባሕር ብቻ ነበር። ምግቡ ከማለቁ የተነሣ ንጉሡ የቀረችውን አንዲት በርሜል ወይን ለብቻው አልጠጣም ብሎ ከወታደሮቹ ጋር ተካፈለ እየተባለ ይተረካል። ረዳት ጦር የደረሰለት በየካቲት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከውስጥ ከመጀመራችሁ በፊት ከውጭ ጀምሩ። ድልድዩ ላይ ቁሙ። ከተቻለ ማዶ ዴጋንዊ በኩልም እዩት። ከዚያ ግቡና ውስጠኛውን ግቢ አልፋችሁ እስከ ምሥራቁ ጫፍ ሂዱ። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ነው የሚመለሰው። የንጉሡ ክፍሎች በዚያ በኩል ናቸው። ንጉሡ ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ ለመርከቡ እንዲቀርብ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ድልድዮቹን የግንቡ ዘመን ሰዎች ሠሯቸው ማለት

ጥርስ ያለው ማማ ስላላቸው ያታልላሉ። ተንጠልጣዩ ድልድይ የቶማስ ቴልፎርድ ሥራ ነው፣ የተከፈተው በ1826። ሰንሰለቱ የታሰረው ግንቡ የቆመበት ዐለት ላይ ነው። የባቡሩ፣ እንደ ቱቦ የተዘጋው፣ የሮበርት ስቲቨንሰን ነው፣ 1848። ሁለቱም ግንቡን እንዲመስሉ ማማ ተበጀላቸው። ግንቡ ከተሠራ በኋላ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ እዚህ ድልድይ አልነበረም። ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር።

በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ማሰብ

ስምንት ግዙፍ ማማ ስታዩ ውስጡ ጦር የታጨቀበት ይመስላችኋል። በ1284 ንጉሡ ያዘዘው የዘበኛ ቁጥር 30 ነው። አዎ፣ ሠላሳ። ከነሱ 15ቱ ቀስተኞች ናቸው። ቄስ፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ቀጥቃጭም ነበሩበት። ለግንቡና ለከተማው ቅጥር በድምሩ 15,000 ፓውንድ ገደማ ወጥቷል፤ ለዚያ ዘመን ግምጃ ቤት የሚያራቁት ገንዘብ ነው። ድንጋዩ የሰውን ቦታ እንዲተካ ነው የተከፈለው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ያዕቆብ የሚባለው ከሳቮይ የመጣው ሊቀ ግንበኛ ሥራውን መርቶ በ1287 አካባቢ አስጨረሰ።

ድንጋይ ግን ሞኝ ዘበኛን አያድንም። በ1401 የስቅለት ዕለት ዘበኞቹ ከተማ ወርደው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በር ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። አናጢዎች መጡ፣ ሥራ አለን አሉ። ተከፈተላቸው። አናጢ ግን አልነበሩም፤ የሪስና የግዊሊም አፕ ቲዩዱር ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ያኔ በእንግሊዝ ላይ የተነሣው የዌልሾች አመፅ መሪ የኦዋይን ግሊንዱር ዘመዶች ናቸው። ሁለቱ ጠባቂዎች ተገደሉ፣ ግንቡ ተያዘ። ወንድማማቾቹ ለወራት ይዘውት ቆይተው በድርድር ምሕረት አግኝተው ለቀቁ። ያንን ሁሉ ገንዘብ የበላ ምሽግ በአናጢ ስም ተከፈተ። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሳቄ ይመጣል።

ሌላም የማታለል ነገር አለ። በ1399 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ዙፋኑን ሊቀማው ከመጣው ከሄንሪ ቦሊንግብሮክ ሸሽቶ እዚህ ተጠጋ። የኖርዘምበርላንዱ መስፍን መጥቶ ሄንሪ ክፉ እንደማያደርግበት በጸሎት ቤቱ ማለ። ሪቻርድ አምኖ ወጣ፤ መንገድ ላይ ተያዘ። ጸሎት ቤቱ አሁንም አለ፣ ውስጠኛው ግቢ ባለው ማማ ፎቅ ላይ። ከግንቡ ሁሉ ቆም ብዬ የምቆይበት ክፍል እሱ ነው።

ፍርስራሹን የጦርነት ቁስል ማድረግ

ጣሪያ የለውም። ሰው ወዲያው «መድፍ ነው» ይላል። በከፊል ነው። በእንግሊዝ ንጉሥና በፓርላማው መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1646፣ ለፓርላማው ወገን እጁን ሰጥቷል፤ በ1655 ደግሞ ዳግም ምሽግ እንዳይሆን ብለው አንድ ማማ በከፊል አፍርሰዋል። ጣሪያውን የበላው ግን ገበያ ነው። በ1665 ባለቤቱ የነበረው ባላባት እርሳሱንና ብረቱን አስነቅሎ ሊሸጠው ወሰነ። የቀረውን ዝናብ ጨረሰው። 38 ሜትር ርዝመት ያለው ትልቁ አዳራሽ ጣሪያውን ከተሸከሙት የድንጋይ ቅስቶች አንዱ ብቻ ቆሞ ቀርቶለታል።

ቀለሙም ያሳስታል። ግራጫ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የኖራ ልስን ቅሪት እስካሁን አለ። ያኔ ከተራራው ሆኖ ለሚያየው ዌልሻዊ ከባሕሩ ዳር የቆመ ነጭ ነገር ነበር። ፎቶ ስታነሡ ለአፍታ ነጭ አድርጋችሁ አስቡት፣ ሌላ ቦታ ይሆናል።

ከካርናርቮን ጋር ማምታታት

ፌስቡክ ላይ በብዛት የማየው ስህተት ነው። ቻርልስ በ1969 የዌልስ ልዑልነት ሥርዓቱ የተፈጸመለት ካርናርቮን ነው፣ ኮንዊ አይደለም። መለያው ቀላል ነው። የካርናርቮን ማማዎች ባለ ማዕዘን ናቸው፣ ድንጋዩም መስመር መስመር ነው። የኮንዊ ማማ ድብልብል ነው። ሁለቱም ከሃርሌክና ከቢዩማሪስ ጋር በ1986 በአንድነት በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ቅጥሩን መዝለል

ግንቡን አይቶ የከተማውን ቅጥር ትቶ መሄድ ቤት ገብቶ ሳሎን ሳያዩ እንደ መውጣት ነው። 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 21 ማማ፣ ሦስት በር። ላዩ ላይ ብዙ ቦታ በእግር ይኬዳል፣ ክፍያ የለውም። በደቡብ በኩል ስትደርሱ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ፣ የተደረደሩ የድንጋይ ሳጥኖች ታያላችሁ። ቁጠሯቸው፣ 12 ናቸው። ሽንት ቤት ናቸው። ለንጉሡ ጸሐፊዎችና ሠራተኞች የተሠሩ ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ውጭ ነው የሚጥሉት። ምንም ያህል ታሪክ ብናገር ከአክስቴ አእምሮ የቀረው ይህ ነው። አዲስ አበባም የተወራው ይህ ነው።

ጫማና ድፎ ዳቦ

አጭር ነው። ደረጃዎቹ ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ በዝናብ ጊዜ አንሸራታች ናቸው። የበዓል ጫማ አይሆንም። የሕፃን ጋሪ ማማ ላይ አይወጣም። ማማው ጫፍ ላይ ነጠላ ይዛችሁ አትውጡ፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ወደቡ ላይ ደግሞ ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አታውሩ። በብሪታንያ ትንሿ የምትባለውን ቀይ ቤት፣ ስፋቷ 1.8 ሜትር ብቻ የሆነችውን፣ እያሳየሁ ሳለ አንድ የባሕር ወፍ ከአክስቴ እጅ ድፎ ዳቦውን መንትፎ ሄደ። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ዳቦ!

የባሕሩን ሰዓት ሳያዩ መሄድ

እኛ የደረስነው ውኃው ሸሽቶ ሳለ ነበር። ጭቃ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች፣ መሀል ላይ ቀጭን ጅረት። አክስቴ ቆመው አዩና «ውኃ ዳር ነው አላልከኝም?» አሉ። ጣና ወይ ላንጋኖ ላደገ ሰው፣ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ መሄዱን ማስረዳት ቀላል አይደለም። የሙላቱን ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወርዳችሁ እንዳትራመዱ፣ ያሰምጣል፤ ውኃውም ሲመለስ ፈጣን ነው።

ማታ ወደ ጃንክሽን በእግር ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆምን። ውኃው ሞልቶ ዐለቱን ነክቷል፤ ጀልባዎቹ ቀጥ ብለዋል፤ ስምንቱ ማማዎች በግልባጭ ውኃው ውስጥ ናቸው። አክስቴ ነጠላቸውን አጥብቀው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ሰውዬ ክፉ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቦታ መምረጥ ግን ያውቅበታል።»