ለውሻ የትል ኪኒን ከመስጠታችሁ በፊት

ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻ ሁሉ ትል የለበትም፤ የፊንጢጣው ዕጢ ሲሞላም ይጎትታል። ጭራውን አንሱና ፀጉሩን እዩ። የሩዝ ፍሬ የመሰለ፣ ሲደርቅ ሰሊጥ የሚመስል ነገር ከተጣበቀ ኮሶ ነው። ረጅም፣ ነጭ፣ ስፓጌቲ የመሰለው ደግሞ ወስፋት ነው። ድዱ የነጣና ጥቁር ሰገራ የሚያስወጣ ቡችላ ግን መንጠቆ ትል ደሙን እየመጠጠው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ፒራንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ብቻውን ኮሶን አይነካም፤ ለኮሶ ፕራዚኳንቴል ያስፈልጋል። ፕራዚኳንቴል፣ ፒራንቴልና ፌባንቴል የተቀላቀሉበት የተለመደው ኪኒን 1 ፍሬ ለ10 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደት ላይ ነው። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። በግምት ያነሰ መጠን ትሉን አይጨርሰውም። ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል ይቅርባችሁ፣ የውሻን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል።

ቡችላ ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8 ሳምንት ለቡችላ የተዘጋጀውን ይውሰድ። መድገም የሚያስፈልገው መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን እንጂ በሰውነት የሚዞረውን እጭ ስለማይገድል ነው። ለትልቅ ውሻ በየ3 ወሩ ይበቃል።

ኮሶው በወሩ ከተመለሰ ኪኒኑን አትውቀሱ፤ ውሻው ይህን ኮሶ የሚይዘው ቁንጫ ሲውጥ ስለሆነ ቁንጫው አልጠፋም ማለት ነው። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበትም ለሰው የሚተርፍ ሌላ ኮሶ ያመጣል፣ በደንብ ቀቅሉት። እንደ ጅማ ዝናብ በማይለቀው አፈር ላይ እጭ በቀላሉ አይሞትምና ሰገራውን በየቀኑ አንሱ።