ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ኤክስኦርግን መጫንና ማስተካከል

ይህ መመሪያ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለትምህርት ቤት፣ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ለቢሮ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝተው ዴቢያን ሊኑክስ ለሚጭኑ ሰዎች ነው። ዴቢያን ያለ ዴስክቶፕ ሲጫን የሚታየው ጥቁር ስክሪንና ነጭ ጽሑፍ ብቻ ነው። መስኮቶች እንዲከፈቱና የማውዝ ቀስት እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው ኤክስ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ኤክስኦርግ የምንለውም ይህንኑ ነው። አሁን የምንጠቀምበት 11ኛው የኤክስ እትም በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩን ኤክስኦርግ ፋውንዴሽን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል። ዌይላንድ የሚባል ተተኪ አለ። አነስተኛ ራም ላላቸው አሮጌ ማሽኖች ግን ኤክስኦርግን ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር እንመርጣለን።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍነው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል፣ በትንንሽ ሆሄ ነው (የፋይልና የመውጫ ስሞች ግን ስክሪኑ ላይ እንደሚታዩት ይጻፋሉ)፤ ክፍተቱና ሰረዙም እንዳለ ይጠበቅ።

መጀመሪያ ማሽኑን ይወቁ

«ኤልኤስሲፒዩ» ብለው ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ማሽን የሚሆን መጫኛ ስለሌለው፣ 32 ቢት ብቻ የሆነ ኮምፒውተር በዴቢያን 12 ይቆያል። ራሙ 1 ጊጋባይት ከሆነ ኦፕንቦክስ (መስኮቶችን ብቻ የሚያስተዳድር ቀላል ፕሮግራም)፣ 2 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ ይበቃዋል።

ቀጥሎ «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ» ይበሉና የቪጂኤ መስመሩን ይፈልጉ። ከሥሩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚጠቀምበት ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስም ይወጣል፤ ለኢንቴል አይ915፣ ለኤኤምዲ ራዲዮን ወይም ኤኤምዲጂፒዩ፣ ለኤንቪዲያ ኑቮ። ይህ ስም ከሌለ ኤክስኦርግን አሥር ጊዜ ደጋግሞ መጫን ምንም አይለውጥም፤ ችግሩ ያለው ከርነሉ ጋ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው በኤኤምዲ ካርዶች ላይ የሚያጋጥም ነው፦ «ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ» የሚባለው ፓኬጅ አልተጫነም። ሁለተኛው ደግሞ ሲጫን ስክሪኑ ስለጠፋ ሰው ቡት መስመሩ ላይ «ኖሞድሴት» ጽፎ በዚያው ትቶታል። ይህ ቃል ከርነሉ ግራፊክስ ካርዱን እንዳያዝ ይከለክለዋል። ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት ፎልደር ካለው ግረብ ከሚባለው ፋይል ያጥፉትና «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» ብለው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱ።

ማውረድና መጫን ለየብቻ

መብራት በመሃል ሊሄድ በሚችልበት ቦታ የማውረዱን ሥራ ከመጫኑ መለየት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። «ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት» ካሉ በኋላ ይህን ይጻፉ፦

ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ ኤክስሰርቨር-ኤክስኦርግ ኤክስኢኒት ኤክስ11-ኤክስሰርቨር-ዩቲልስ ኤክስተርም

ፋይሎቹ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው መንገድ ውስጥ ይከማቻሉ። ማውረዱ በመሃል ቢቋረጥ ትእዛዙን ይድገሙት፤ የወረደውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል። ሁሉም ከወረደ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ ያለ ዳውንሎድ-ኦንሊ ይስጡት። በመጫን ላይ እያለ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር ሰረዝ ኤ»፣ ቀጥሎም «ሱዶ አፕት-ጌት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል» ይበሉ።

አፕት-ጌት ያልነው አውቀን ነው። አጭሩ «አፕት» ተጭኖ ሲያበቃ የወረዱትን ፋይሎች ያጠፋል፤ አፕት-ጌት ግን ያስቀራቸዋል። ደሴ ላይ አንዴ ያወረዱትን በፍላሽ ይዘው ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ያለው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይችላሉ፤ የዴቢያኑ እትምና የፕሮሰሰሩ ዓይነት አንድ መሆን አለበት። እዚያ ፍላሹ ላይ ወዳለው ፎልደር ገብተው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ይጻፉ፤ ክፍተት ሰጥተው ነጥብ፣ ስላሽ፣ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ዴብ ያስከትሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ማሽን ካለ ደግሞ አንዱ ላይ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» ይጫኑና ሌሎቹ በፖርት 3142 ከእሱ እንዲወስዱ ያድርጉ። ኢንተርኔቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈልበታል።

ዳታ ለመቆጠብ ብለው «--ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» የሚለውን እዚህ ደረጃ ላይ እንዳይጠቀሙ እንመክራለን። የሜሳ ግራፊክስ ቤተ መጻሕፍት አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ስክሪኑ ቢመጣም ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል።

ዴስክቶፑን ከመጫን በፊት ኤክስን ለብቻው ይሞክሩት

በተራ ተጠቃሚ ስም ገብተው «ስታርትኤክስ» ይበሉ። የተርሚናል መስኮት ከተከፈተና ማውዙ ከሠራ ኤክስኦርግ ደህና ነው ማለት ነው፤ «ኤግዚት» ብለው ይውጡ። ከዚያ በኋላ ነው «ኤክስኤፍሲኢ4» እና የመግቢያ ስክሪኑን «ላይትዲኤም» የሚጭኑት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጫነ ሰው ስክሪኑ ሲጠቁርበት ጥፋቱ ከየትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም።

«ሱዶ ስታርትኤክስ» በጭራሽ አይበሉ። በቤትዎ ፎልደር ውስጥ ያለው «.ኤክስኦቶሪቲ» የሚባል ድብቅ ፋይል ባለቤትነቱ ወደ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ቢያስገቡም የመግቢያው ስክሪን ብልጭ ብሎ ይመልስዎታል። ይህ ከደረሰ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2ን አንድ ላይ ተጭነው በጽሑፍ ስክሪን ይግቡ፤ በ«ሱዶ ሲኤችኦውን» ፋይሉን ወደ ስምዎ ይመልሱ። በዚያው «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» ብለው ዲስኩ አለመሙላቱን ይዩ፤ የሞላ ዲስክም ልክ እንዲህ ያደርጋል።

ስክሪኑ ከ1024 በ768 አልፎ አይሄድም

ባገለገለ ሞኒተር ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ሰው ሁሉ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ገመዱ ላይ ነው። ሞኒተሩ የሚችላቸውን መጠኖች ለኮምፒውተሩ የሚናገርበት ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መረጃ አለ። በቪጂኤ ገመድ ላይ ይህ የሚተላለፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። ርካሽ ገመዶች እነዚህን ሽቦዎች ይተዋሉ፤ ወይም ፒኑ ታጥፏል፣ ተሰብሯል። ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ስለሚታይ ገመዱን የሚጠረጥር የለም። ኤክስኦርግ ግን መረጃ ስላላገኘ በአነስተኛው መጠን ይቆያል። ስለዚህ ምንም ከመጻፍዎ በፊት ከሚሠራ ሞኒተር ገመዱን ነቅለው ይሞክሩ።

ሌላ ገመድ ካልተገኘ መጠኑን በእጅ እንሰጠዋለን። «ኤክስራንድአር» ብለው የመውጫውን ስም ያንብቡ፤ ቪጂኤ-1 ሊሆን ይችላል። ሞኒተሩ 1280 በ1024 ከሆነ «ሲቪቲ 1280 1024 60» ይበሉ፤ ሞድላይን ብሎ የሚጀምር መስመር ያወጣል። የፒክሰል ፍጥነቱ 109.00 ሜጋኸርዝ ይላል። ከሞድላይን በኋላ ያለውን እንዳለ ገልብጠው በመጀመሪያ «ኤክስራንድአር --ኒውሞድ»፣ ቀጥሎ «--አድሞድ» ከመውጫው ስም ጋር፣ በመጨረሻ «--አውትፑት» እና «--ሞድ» ይስጡ። ሞኒተሩ «ከክልል ውጭ» የሚል መልእክት ካሳየ ፍጥነቱ በዝቶበታል፤ ለኤልሲዲ ከ60 ኸርዝ አይለፉ። 1366 በ768 ለሆነ ሞኒተር ሲቪቲ 1368 ይላል፤ ስፋቱን በ8 የሚካፈል ስለሚያደርገው ነው፣ ስህተት አይደለም።

ይህ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይጠፋል። እንዲቆይ ኢቲሲ ውስጥ ባለው ኤክስ11 ፎልደር «ኤክስኦርግ.ኮንፍ.ዲ» የሚል ንዑስ ፎልደር ይፍጠሩና «10-ሞኒተር.ኮንፍ» የሚል ፋይል ያስቀምጡበት። በፋይሉ ውስጥ ሴክሽን ሞኒተር ብለው ይክፈቱ፤ አይደንቲፋየሩ የመውጫው ስም ይሁን፤ ሞድላይኑን፣ ከዚያም «ፕሪፈርድሞድ» የሚለውን ኦፕሽን ጽፈው በኤንድሴክሽን ይዝጉ። ስሙ ላይ ይጠንቀቁ፦ ሞድሴቲንግ የተባለው ድራይቨር ቪጂኤ-1 ሲል አሮጌው የኢንቴል ድራይቨር ያለ ሰረዝ ቪጂኤ1 ይለዋል። አንዲት ሰረዝ ከተሳሳተ ፋይሉ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ ሙሉ «ኤክስኦርግ.ኮንፍ» ከኢንተርኔት ገልብጦ መለጠፍ አያስፈልግም፤ የሌላ ሰው ካርድ ስም የተጻፈበት ፋይል ደህና የነበረውን ያበላሻል።

ሲበላሽ ሎጉን ያንብቡ

ሎጉ፣ ማለትም ኤክስ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ቫር ውስጥ፣ ሎግ ፎልደር ውስጥ «ኤክስኦርግ.0.ሎግ» ተብሎ ይገኛል። በተራ ተጠቃሚ የተነሳ ከሆነ በቤትዎ ፎልደር፣ «.ሎካል» ውስጥ፣ ሼር ከሚለው ሥር ባለው ኤክስኦርግ ፎልደር ነው። በቅንፍ ሁለት ኢ ያለበት መስመር ስህተት ነው፣ ሁለት ደብልዩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከላይ ወደ ታች አንብበው የመጀመሪያውን ስህተት ይያዙ። በመጨረሻ የሚመጣው «ኖ ስክሪንስ ፋውንድ» ውጤቱን እንጂ መንስኤውን አይናገርም።

ስክሪኑ ጨርሶ ከጨለመ ኪቦርዱም ላይረዳ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው «ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» ይጫኑ፤ በዚያው ኔትወርክ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ገብተው ሎጉን ያያሉ።

አማርኛ

ፊደሉ በባዶ ሳጥን ከታየ ፎንት ስለሌለ ነው፤ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ይጫኑ። ለመጻፍ «አይባስ» እና «አይባስ-ኤም17ኤን» ይጫኑ፤ «አይኤም-ኮንፊግ ሰረዝ ኤን አይባስ» ብለው ከገቡበት ወጥተው ይመለሱ። በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን ይክፈቱና ሴራ የሚለውን ይጨምሩ። በላቲኑ ኤስና ኢን ሲጫኑ ሰ ይወጣል። ትንሹ ቲ ት ሲሰጥ ትልቁ ቲ ጥ ይሰጣል፤ ስለዚህ ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ጽሑፉ ይዘበራረቃል። ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ጽሕፈት ቤት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መቀየሪያ ቁልፉን በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ያድርጉት።